ከዳገቱ በፊት ብርዱን፦ ልጅ ጭኖ በብስክሌት አንኮበር ለመሄድ ለሚያስቡ

ትንሽ ልጅ በብስክሌት ጭኖ፣ ድንኳን ይዞ ሰሜን ሸዋ ላይ ማደር ይቻላል ሲባል ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዳገቱ ነው። ዳገት ግን መላ አለው፤ ሲከብድ ወርዶ መግፋት ነው። እንዲህ ያለውን ጉዞ የሚያበላሸው ብርድ ነው፤ ያውም ፔዳል የሚመታው ሰው የማይሰማው ብርድ። አባት በላብ ተጠምቆ ጃኬቱን ሲያወልቅ፣ ከኋላው እግሩን አንጠልጥሎ ሳይንቀሳቀስ የተቀመጠው የሦስት ዓመት ልጅ ጣቶቹ ደንዝዘው ሊሆን ይችላል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። የመንገዱ ምርጫ፣ የመነሻው ሰዓት፣ የድንኳኑ ቦታ፣ ሁሉም ከዚህ መነሣት አለበት።

አስቀድሞ ግን ስለ ሰላም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት የዚህን አካባቢ መንገዶችም ነክቷል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚሠራው መንገዱ ሰላም ሲሆን ብቻ ነው። ወሬውን እዚያው መስመር ላይ ከሚመላለሱ ሾፌሮች፣ በዚያው ዕለት መጠየቅ ነው። ጥርጣሬ ካለ ልጅ ይዞ መሞከር የለም።

ካርታ የሚያይ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በደሴው መንገድ ላይ ነው፦ ደብረ ብርሃን፣ ጣርማበር፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት። ከጣርማበር ወዲያ ቁልቁለት ስለሆነ ቀላል ይመስላል። ልጅ ለጫነ ግን መጥፎ ምርጫ ነው። ጣሊያን የፈለፈለው የጣርማበር ዋሻ ከ500 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ጨለማ ነው፤ የጭነት መኪና ከፊትም ከኋላም ይመጣል። ከዋሻው በኋላ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ጣርማበር ወደ 1,300 ሜትር ገደማው ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ተራው የፍሬን ነው። ቸርኬውን ግራና ቀኝ የሚቆነጥጥ ፍሬን ሳይለቀቅ ከተያዘ ብረቱ ይግላል፤ ሙቀቱ የካላማዳሪያውን ልጥፍ ያስለቅቃል፤ ሲብስ ጎማውን ያፈነዳል። ይህን መንገድ የግድ የሚፈልግ ብስክሌቱን በመኪና ጭኖ ይለፈው።

የሚሻለው ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚወስደው፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው መንገድ ነው። የመኪናው ብዛት እንደ ደሴው አይደለም፤ ዋናው ቁልቁለትም የሚመጣው የአንኮበር ወረዳ ከተማ ወደሆነችው ጎረቤላ ሲቃረቡ ነው። መድረሻው ደግሞ ምኒልክ አዲስ አበባን ከመቆርቆራቸው በፊት የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረው የአንኮበር ተራራ ነው። 40 ኪሎ ሜትር ለአዋቂ ብስክሌተኛ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ልጅ ሲኖር ለሁለት ቀን ይከፈላል፤ በቀን ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ይበቃል። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ያለውን 130 ኪሎ ሜትር በአስፋልቱ ከመኪና ጋር እየተጋፉ መምጣት ለምን እንደሚያስፈልግ አይታየንም። ፔዳሎቹን ፈትቶ፣ መሪውን አዙሮ፣ የካቴናውን ጎን ወደ ላይ አድርጎ መኪና ላይ ማሰር ይቀላል።

መንዝ ጓሳን የሚያነሡም አሉ። የአካባቢው ሰው ለዘመናት በራሱ ሕግ የጠበቀው ሣር፣ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ልብ ይስባሉ። ቦታው ግን ከ3,200 ሜትር ጀምሮ ሽቅብ ነው፤ ለመጀመሪያ ጉዞ አንመክረውም። ከፍታ የነካው ትንሽ ልጅ «ራሴን አመመኝ» ብሎ አይናገርም፤ ምግብ እምቢ ይላል፣ ይነጫነጫል፣ ያስመልሰዋል። መድኃኒቱ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ 2,300 ሜትር ላይ ስለሚኖር ደብረ ብርሃን ያን ያህል አይከብደውም፤ ከአዳማ ወይም ከሸዋ ሮቢት የሚመጣው ግን አንድ ሁለት ሌሊት ከተማው ውስጥ አድሮ ቢጀምር ይሻላል።

ወቅቱ ሌላ ራስ ምታት ነው። የትምህርት ቤቱ ረጅም ዕረፍት ከክረምቱ ጋር ይገጥማል፤ ያኔ የዋልካው ጭቃ ጎማና ፍሬን መካከል ገብቶ መንኮራኩሩን ቀጥ ያደርገዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። ብርዱ መግባት የሚጀምረው በጥቅምት ነው፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው በከንቱ አይደለም። ትምህርት ያልጀመረ ልጅ ላለው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ዝናቡ አልቋል፣ ውርጩም ገና አልበረታም።

ወደ ብስክሌቱ እንምጣ። የልጅ መቀመጫ ከፊትም ከኋላም ይገጠማል። ወላጅ ልጁን እያየ ለመሄድ የፊቱን ይወዳል፤ በዚህ አገር ግን ነፋሱን በደረቱ የሚቀበለው ልጁ ይሆናል። የኋላው ይሻላል፤ የአዋቂው ጀርባ ይከልለዋል። የኋላ መቀመጫ በአብዛኛው እስከ 22 ኪሎ ይሸከማል፤ ልጁ ሳይደገፍ መቀመጥ የሚችልና አንገቱ የራስ ቁር የሚችል መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ እግሩ ራጂ (የመንኮራኩሩ ሽቦዎች) ውስጥ እንዳይገባ መጠበቅ ነው፤ ልጅ በብስክሌት ኋላ ሲጫን የተለመደው ጉዳት ይህ ነው። መከለያ ከሌለ ከአሮጌ ጀሪካን ጎን ቆርጦ በመቀመጫው ግራና ቀኝ ማሰር ይቻላል። የመቀመጫው ቡሎኖች ከመጀመሪያው 10 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይጠበቁ፤ ንዝረት ያላላቸዋል። ልጅ የተቀመጠበትን ብስክሌት በማቆሚያው አቁሞ ለአፍታም ዞር ማለት የለም።

ክብደት ሲጨምር የሚሰበረው የኋላው ራጂ ነው፤ ብዙ ጊዜም በካቴናው በኩል ያለው። እሱን ለመቀየር የኋላው ጥርስ መፈታት አለበት፤ መፍቻው መንገድ ላይ አይገኝም። ስለዚህ ከመነሣት በፊት ሠሪ ዘንድ ወስዶ ማስወጠር ነው። ልጁን የጫነው ሰው ሌላ ዕቃ አይጫንበት። ድንኳኑንና ምግቡን ሌላው ይያዝ፤ እሱም ከኋላ፣ ትንሽ ወደ መንገዱ መሃል ወጣ ብሎ ይከተል። መኪና ቀድሞ እሱን ያያል፤ እሱም የልጁን ፊት ያያል። የእረኛ ውሻ ሲመጣ መሮጥ ያባብሳል፤ ወርዶ ብስክሌቱን መሃል አድርጎ በእግር ማለፍ ነው።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት አለመነሣት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማቆም። በየ45 ደቂቃው ልጁን አውርዶ ማሯሯጥ፤ የሚሞቀው ሲሮጥ ነው። ሁለት ካልሲ በጠባብ ጫማ ማድረግ እግርን ይበልጥ ያቀዘቅዛል፤ ጫማው ሰፋ ያለ ይሁን። ልብሱን ከአዋቂው በአንድ ድርብ አብልጦ፣ እጅን አንገቱ ሥር ከትቶ እየዳሰሱ መሄድ ነው። እንቅልፍ ከወሰደው አንገቱ ወደ ፊት ይሰበራል፤ ቆሞ ማስተኛት ነው።

ለማደሪያ የገጠሩን ደንብ መከተል ያዋጣል። «የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን» ብሎ ከቤቱ ባለቤት ፈቃድ መጠየቅ፣ ከአጥሩ ሥር ድንኳን መትከል። ሜዳ ላይ ብቻ ከማደር ይህ ለደኅንነቱም ለብርዱም ይሻላል። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ስለሚፈስ ውርጩ የሚጠናው ረባዳው ላይ ነው፤ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ነፋስ የሚከልል ነገር አጠገብ ይተከል። ባሕር ዛፍ ሥር ግን አይሆንም፤ ቅርንጫፍ ይጥላል። በሩ ወደ ምሥራቅ ቢዞር የጠዋት ፀሐይ ቶሎ ይገባል።

ሙቀት የሚሰረቀው ከታች ነው። ከባለቤቱ ጭድ ገዝቶ አንድ ክንድ ያህል ማንጠፍ፣ ቁንጫ እንዳይወጣ ላይዋን በላስቲክ መሸፈን፣ ከዚያ የመንዝ ባና መደረብ፤ ውድ የውጭ ፍራሽ ከሚሰጠው አያንስም። ልጁ በወላጆቹ መካከል ይተኛ። ከሰል ያለበት ምድጃ ግን፣ ፍሙ የጠፋ ቢመስልም፣ ድንኳን ውስጥ አይግባ። ጭሱ ባይታይም ይገድላል። ስለዚሁም የድንኳኑ መተንፈሻ ብርድ ነው ተብሎ አይዘጋ።

እዚህ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላና ሽምብራ ነዳጅ ይጨርሳሉ እንጂ አይበስሉም፤ ሽሮ፣ በሶ፣ ጭኮ መያዝ ነው። ለመጠጥ የሚፈላ ውኃ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ቆሎ መንገድ ላይ ለአዋቂ ጥሩ ስንቅ ነው፤ ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ፣ በተለይ ብስክሌቱ እየተንገጫገጨ፣ መስጠት ግን የለም፤ ጉሮሮው ላይ ይቀራል።

ጎረቤላ ከመግባት በፊት ባለው ቁልቁለት ሁለቱን ፍሬን እየያዙ እየለቀቁ መውረድ፣ በየጥቂት ደቂቃውም ቆሞ ቸርኬው ላይ ጠብታ ውኃ ማድረግ ነው። ጠብታው «ጭስ» የሚል ድምፅ ካሰማ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ። መመለሻውን በዚሁ ዳገት በብስክሌት ማሰብ አያስፈልግም፤ ለመኪናው የሚከፈለው ገንዘብ ከመነሻው በጀት ውስጥ ይግባ።