አንዲት እርግማን፣ ስንት ፊደል?

የፊልም ንግግር እየሰማሁ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። እንጀራዬ ነው። ትናንት ማታ የተዋናዩ ጣት በር ላይ ተቀረቀረና «ዳሚት!» (dammit) ብሎ ተራገመ። ይህቺ አንድ ቃል ሩብ ሰዓት በላችብኝ።

የእርግማኗ ሥር «ዳም» (damn) መጨረሻዋ ላይ ኤን አለች። ትጻፋለች እንጂ አትነበብም። መኮነን ከሚለው የላቲን ግስ የተረፈች ናት፤ እሺ፣ ትኑር። «ኢት» ሲከተላትስ? መዝገበ ቃላት ላይ የተለመደው ኤኗን አውጥቶ ኤሟን መድገም ነው። አለቃዬ ግን ኤኗ ካልገባች ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ሌላው ደግሞ ሁለት ቃል አድርጎ ይለያያታል። «ጎዳም» (እግዜር ይኮንነው እንደማለት) ላይማ ኤኗ ስትፈልግ ትመጣለች፣ ስትፈልግ ትቀራለች።

ጨዋ ነን ባዮቹ «ዳርን»፣ «ዳንግ» ይላሉ። «ሄል» (ሲኦል) ማለት አፍረው «ሄክ»። የመቀመጫን ብልግና ስም እንግሊዞች በአር ይጽፉታል፤ አሜሪካኖች አሯን ጥለው በሁለት ኤስ፣ ከአህያ ጋር አንድ ያደርጉታል!

በሀ፣ በሐ እና በኀ ስንነታረክ የኖርን ሰዎች ብንሆንም፣ ስንራገም እንኳ ፊደል አንመርጥም።

ብቻ ኤኗን አወጣኋት። ጠዋት ስገባ አለቃዬ መልሶ ከቷታል። ያልኩትን በአማርኛ ነው ያልኩት።