ለደሴም ለኮምቦልቻም አንድ ሥዕል?

በእኛ አካባቢ ያለ አንድ የአርክቴክቸር ትምህርት ክፍል ሰሞኑን የዘላቂ ግንባታ ኮርሱን የተግባር ሰዓት ሰርዟል። ተማሪዎች አፈር ነፍተው፣ ብሎክ አምቀው፣ ግድግዳ አቁመው የሚማሩበት ሰዓት ለኮምፒውተር ሥዕል ተሰጥቷል። ይህን የሚሠሩበት ሜዳ ደግሞ የመኪና ማቆሚያ ይሆናል ተብሏል። የተቋሙን ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ግቢ ብቻ አይደለምና። ይህ ሳያንስ ውሳኔውን ለመምህራን ያስረዱት ኃላፊ “ልጁ ጭቃ ለማቡካት ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ ያንን እናቱም ታስተምረዋለች” አሉ። ስብሰባው ሳቀ አሉ። እኔን ግን አላሳቀኝም።

እሺ፣ እናቱ ታስተምረው። ምርጉ ለምን ተቦክቶ እንደሚያድር፣ ጭዱ ለምን እንደሚገባበት፣ የቱ አፈር ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ እናቱ በእርግጥ ታውቃለች። የማያውቀው ልጁ ነው። አምስት ዓመት ተምሮ ቀይ አፈርና ጥቁር አፈር ለግንባታ ያላቸውን ልዩነት ሳይነካ ይመረቃል። ጥቁር አፈር ሲረጥብ አብጦ፣ ሲደርቅ ኮምትሮ መሠረት እንደሚያናጋ ሳይት ላይ ከቀን ሠራተኛ የሚሰማ አርክቴክት ይዘን ነው የምንስቀው? የሕክምና ተማሪንም “ቁስል ማጠብ እናቱ ታስተምረዋለች” ብለን ከዋርድ እናስቀረው እንዴ?

ደግሞም ሜዳው ላይ የሚሠራው እናቱ የምታውቀው ብቻ አልነበረም። አፈሩን ጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋር ንጠው ያስቀምጡታል። አሸዋው መጀመሪያ ይዘቅጣል፣ ሸክላው መጨረሻ። ከንብብሩ ምን ያህል አሸዋ መጨመር እንዳለበት ይነበባል። ከዚያ ከ5 እስከ 8 በመቶ የሚሆን ሲሚንቶ ገብቶበት በማሽን ይታመቃል። እሳት አያይም። ተሸፍኖ፣ እርጥበቱ ሳያመልጥ ይጠነክራል። ይህ ምህንድስና ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

“ቀጣሪው የሚፈልገው ሬንደር ነው”፣ ማለትም ሕንፃውን ያለቀ አስመስሎ የሚያሳይ የኮምፒውተር ሥዕል ነው የሚሉም አሉ። ይፈልጋል። ሬንደር ግን ዩቲዩብ ላይ በነፃ ተዘርግፏል፤ የጎበዝ ልጅ የአንድ ክረምት ሥራ ነው። አፈሩን ጨብጦ እርጥበቱ ልክ መሆኑን በእጅ ማወቅ ዩቲዩብ ላይ የለም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመካከላቸው ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት የወረደ ሰው ሁሉ ጃኬቱን የት ላይ እንደሚያወልቅ ያውቃል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ከጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ወርዳለች። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በሁለቱ መካከል ወደ 4 ዲግሪ የሚሆን ልዩነት አለ። ኮምቦልቻ ሙቀት ለመከላከል ትታገላለች፣ ደሴ ሙቀት ለማግኘት። ለአርክቴክቸር ተማሪ ከዚህ የተሻለ ክፍል ከየት ይመጣል? በታክሲ የሚደረስበት ላቦራቶሪ እኮ ነው!

እስቲ በሁለቱ ከተሞች የሚበቅሉትን ፎቆች እዩ። ያው ሰማያዊ መስታወት፣ ያው አሉሚኒየም፣ ያው ባለ 20 ሴንቲ ብሎኬት። ፊታቸው የሚዞረው በፀሐይ መንገድ ሳይሆን በአስፋልቱ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ምዕራብ ያየ የመስታወት ቢሮ ውስጥ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግቡ። መጋረጃው ተዘግቷል፣ መብራቱ በርቷል፣ ማራገቢያው ይጮኻል። ብርሃን እንዲገባ የተገዛ መስታወት ተሸፍኖ መብራት ይከፈልበታል። ያንኑ ሥዕል ደሴ ላይ ውሰዱት፤ ሰውየው ጋቢ ደርቦ ይሠራል። ሥዕሉን የሠራው ልጅ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ማንም ሁለቱ ከተሞች የተለያዩ መሆናቸውን በገላው እንዲያውቅ አላደረገውም።

ያለነው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ነው። ሰኔ ላይ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ዘመም ትላለች። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ወደ ደቡብ ወርዳ ከፍታዋ 55 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። አንድ ሜትር የወጣ ክዳን በታኅሣሥ ቀትር የደቡብ ግድግዳ ላይ ወደ አንድ ሜትር ተኩል የሚጠጋ ጥላ ይጥላል። ለኮምቦልቻ ይህ በረከት ነው። ለደሴ ጥፋት ነው፤ ደሴ በታኅሣሥ ያችን ፀሐይ ቤቷ ውስጥ ትፈልጋታለች። ያው ክዳን ሐረጎን ሲወጣ መልሱ ተገለበጠ። ከምሥራቅና ከምዕራብ ዝቅ ብላ የምትመጣዋን ፀሐይ ደግሞ ክዳን አይመልሳትም። የቤቱ አቀማመጥ፣ ግድግዳ ወይም ዛፍ ነው የሚመልሳት።

“ይህን ሶፍትዌሩ ያሰላዋል” ይሉኛል። ያሰላዋል፣ ጠያቂ ካለው። ተማሪው ችግሩ መኖሩን ካላወቀ ሶፍትዌሩ ተነሥቶ አይመክረውም። ወፍራም የአፈር ወይም የድንጋይ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ ይቆይና ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ነው ወደ ውስጥ የሚለቀው። ውስጡ ክፍት የሆነ ቀጭን ብሎኬት ይህን አይችልም። ይህን ለማመን ትንንሽ ግድግዳዎች፣ ሁለት ቴርሞሜትርና አንድ ደብተር ይበቃሉ። ሜዳው ለዚህ ነበር።

አፈር ኋላቀርነት ነው የሚሉ ሰዎች ስለ አርክቴክቱ ፍራንሲስ ኬሬ ሰምተው ይሆን? ቡርኪናፋሶ ውስጥ የተወለደበት ጋንዶ መንደር ላይ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲሠራ ገና በርሊን የአርክቴክቸር ተማሪ ነበር። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ2001 አለቀ። ግድግዳው የታመቀ የአፈር ብሎክ ነው። ቆርቆሮው ከጣሪያው ተነጥሎ ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ ሙቀቱ በመካከሉ ይወጣል። ኮምቦልቻ ላይ ቢሠራ የሚያስመሰግን ሐሳብ ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2022 በአርክቴክቸር ታላቁን የፕሪትዝከር ሽልማት ተቀበለ፣ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ። የእኛው ኃላፊ መምህሩ ቢሆኑ ኖሮ ፓርኪንግ እንዲሥል ነበር የሚያደርጉት። ሩቅ ነው ካላችሁ፣ አዲስ አበባ የሚገኘው የሕንፃ ትምህርት ተቋም ግቢ ውስጥ በአፈር ባለ ሁለት ወለል የሙከራ ቤት ከተሠራ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው።

“የመሬት መንቀጥቀጥስ?” የሚለው ጥያቄ ብቻ ነው ቁም ነገር ያለው። በ1953 ዓ.ም. ከእኛ በስተደቡብ የደረሰው የካራቆሬ መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷታል፤ እኛም ያለነው በዚያው የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ነው። ያለ ማሰሪያ የተደረደረ የአፈር ጡብ ይወድቃል፣ አልክድም። ባለ ስድስት ፎቅም በጭቃ ይሠራ አላልኩም። ግን በደንብ የታሰረ የእንጨት ማገር ያለው የጭቃ ቤት ቀላል ነው፤ ይወዛወዛል እንጂ እንደ ድንጋይ ክምር አይናድም። ፌሮው የተሰረቀበት ኮንክሪትም ቢሆን ይገድላል። ታዲያ የመንቀጥቀጥ ስጋት የተግባር ትምህርቱን ለመሰረዝ ምክንያት የሚሆነው በየትኛው ሒሳብ ነው? አፈርን እንዴት ማሰር እንደሚቻል የማይማር ልጅ፣ ኮንክሪትንም በወረቀት ብቻ ነው የሚያስረው።

ስለ ሲሚንቶ ብዙ አልልም። ለሲሚንቶ የሚሆነው ክሊንከር በ1,450 ዲግሪ ይጋገራል፤ ከዓለም የካርቦን ልቀት ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚጠጋው ከሲሚንቶ ምርት ነው። ካርቦኑ ለእኛ ሩቅ ከሆነ፣ ሲሚንቶ የጠፋባቸውን ዓመታት እናስታውስ። በየሰፈሩ ፌሮ ወደ ሰማይ እያየ የቀረው ስንት ቤት ነው? ለግድግዳው የሚሆነው አፈር ግን እዚያው መሠረት ሲቆፈር ወጥቶ በገልባጭ ተጭኖ፣ ብር ተከፍሎበት ይደፋ ነበር።

የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ፕሮግራም ገና አልተለጠፈም። ትምህርት ክፍሉ ሐሳቡን ለመቀየር ጊዜ አለው። የሚያስፈልገው ወንፊት፣ አካፋ፣ የእጅ ማመቂያ ማሽንና ፈቃደኛ ግንበኛ ነው። ግንበኛው በመምህርነት ይቀጠር፣ አበልም ይከፈለው። መኪኖቹ ደግሞ እስካሁን ሲቆሙበት የኖሩበት መንገድ ዳር አለ።