ከመጀመሪያው ኬሞ በፊት ያልተጠየቀው ጥያቄ

ከኢሉባቦር፣ ከከፋ፣ ከዳውሮ ታማሚ ልጁን ይዞ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሚደርስ አባት የሚለምነው አንድ ነገር ነው፦ ልጄ ይትረፍልኝ። ከዚህ የሚቀድም የለም። ግን ብዙዎቹ የልጆች ካንሰሮች በወቅቱ ከታከሙ የሚድኑ ናቸው፤ የዳነው ልጅም ነገ ትዳር ይይዛል። ያን ጊዜ ልጅ መውለድ ቢያቅተው ምክንያቱን የሚነግረው ሰው አለ? ከሕክምናው በፊትስ ዘሩ እንዲቀመጥለት ይፈልግ እንደሆነ የጠየቀው አለ?

ኬሞ፣ ማለትም ካንሰርን በመድኃኒት የማከም ዘዴ፣ በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን ይገድላል። እንደ ሳይክሎፎስፋማይድ ያለ መድኃኒት በብዛት ሲሰጥ፣ ወይም ጨረር በዘር ፍሬ ላይ ሲያርፍ፣ ዘር የሚፈጠርባቸው ስቴም ሴሎች (እናት ሴሎች) ሊያልቁ ይችላሉ። የወንድነት ሆርሞን የሚያመነጩት ሴሎች ግን የተሻለ ስለሚቋቋሙ ልጁ ጢም ያበቅላል፣ ድምፁ ይጎረናል። ጉዳቱ የሚገለጠው ካገባ በኋላ ነው፤ በእኛ አካባቢ ደግሞ መጀመሪያ ጣት የሚቀሰረው ሚስት ላይ ነው።

ለአቅመ አዳም ለደረሰ ወንድ መፍትሔው የታወቀ ነው። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የዘር ፈሳሹን ወስዶ በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማስቀመጥ ነው። በዚህ መንገድ በቆየ ዘር እርግዝና መገኘቱ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። አገራችንም ፈሳሽ ናይትሮጅንን ታውቀዋለች፤ ከቃሊቲ የከብት ማዳቀያ ማዕከል የኮርማ አባለዘር በዚሁ ቅዝቃዜ ተጠብቆ ወደ ገጠር ሲላክ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ለጊደር የደረሰው ዕውቀት ለታመመ ወጣት አለመድረሱ ያሳዝነኛል።

ትንንሾቹ ጋ ነገሩ ይከብዳል። የሰባት ዓመት ልጅ የሚቀመጥ ዘር ገና የለውም፤ ያለው ስቴም ሴል ብቻ ነው። ስለዚህ በአንዳንድ አገሮች ከዘር ፍሬው ቅንጣት ሥጋ ተቆርጣ ትቀዘቅዛለች። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከአንድ ጦጣ ተወስዶ እንዲህ የቀዘቀዘ ሥጋ በራሱ በጦጣው ቆዳ ሥር መልሰው ተክለው፣ ከዚያ በተገኘ ዘር ግሬዲ የተባለች ግልገል ተወልዳለች። በሰው ላይ ግን ገና ሙከራ ነው። የደም ካንሰር ለነበረበት ልጅ ደግሞ ሥጋውን መመለስ ካንሰሩንም መመለስ ሊሆን ይችላል። የሕብረ ሕዋስ ምህንድስና ተስፋ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፦ ስቴም ሴሎቹን ከሰውነት ውጭ፣ ተፈጥሯዊውን የዘር ፍሬ በሚመስል ጄል ወይም አውታር ላይ አሳድጎ ዘሩን ብቻ መጠቀም። በዮኮሃማ የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 የአይጥ ግልገል የዘር ፍሬ ቁራጭን ከሰውነት ውጭ አቆይተው ዘር አፍርተውበታል፤ ከዘሩም ጤናማ አይጦች ተወልደዋል።

መድኃኒት በሚጠፋበት አገር ይህ ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። ጭንቀታቸው ይገባኛል። ሆኖም ምርምሩ ሲሳካ የሚጠቀመው ሥጋው አስቀድሞ የተቀመጠለት ልጅ ብቻ ነው። ለጎረምሳው ደግሞ ዘሩን ለማስቀመጥ የሚያስፈልገው አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው። አዲስ አበባ በጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለ፤ ትኩሳት ላይ ያለ ታማሚ ግን ወደ 350 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ዘር አስቀምጦ ይመለስ ማለት አይሆንም። የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያላት ጅማ አንድ የናይትሮጅን ማስቀመጫ ለሰውም ማዘጋጀት አያቅታትም።

ሐኪሞቻችንም ልጁን ለብቻው፣ በኦሮምኛም ይሁን በአማርኛ፣ በሚገባው ቋንቋ ያነጋግሩት፤ ዘሩን ስለማስቀመጥ አባቱ ፊት ቢጠየቅ አንገቱን ደፍቶ ዝም ነው የሚለው። የሕፃን ሥጋ ለማስቀመጥ ፈቃድ ሲጠየቅ ደግሞ ሙከራ መሆኑ ለወላጅ ሳይሸፋፈን ይነገር፤ ሥጋው የልጁ መሆኑ፣ አድጎም የሚወስነው እሱ መሆኑ በጽሑፍ ይስፈር።