ኮሚሽኑ ከሽያጭ ይቆረጣል፣ ነጋዴው የሚኖረው ግን በትርፍ ነው

ሐዋሳ ውስጥ ፒያሳም ሆነ አቶቴ ሱቅ ስትገቡ፣ ግድግዳው ላይ የሂሳብ ቁጥር ተደርድሮ ታገኛላችሁ። ንግድ ባንክ፣ አዋሽ፣ ዳሸን፣ አቢሲኒያ፣ ከሥር የቴሌብር ስልክ። ብዙ ጊዜ ሂሳቡ የሱቁ ሳይሆን የባለቤቱ የግል ሂሳብ ነው። በካርድ የሚያስከፍል ፖስ ማሽን ያለው ግን ጥቂት ነው። ያለውም ቢሆን "ካርድ ይሠራል?" ሲባል "ሲስተም የለም፣ ትራንስፈር አድርጊልኝ" ይላል።

ሲስተም የሚጠፋበት ቀን በእርግጥ አለ። ነጋዴውን ከማሽኑ የሚያሸሸው ሌላው ነገር ግን ኮሚሽኑ ነው። በካርድ ሲከፈል ከሽያጩ ላይ በመቶኛ የሚቆረጥ ገንዘብ አለ። ለካርዱ ባንክ፣ ማሽኑን ለሰጠው ባንክና ሁለቱን ለሚያገናኘው ይከፋፈላል። በአገር ውስጥ ባንኮችን የሚያገናኘው ኢትስዊች ነው። የውጭ እንግዳ ካርድ ሲሆን ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ይገባበታል፣ ኮሚሽኑም አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል። መጠኑ እንደ ውሉ ይለያያል።

እስቲ 2 በመቶ ነው እንበል። ለባንኩ ሰው ትንሽ ቁጥር ነው። ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና የምትሸጥ ሴት ግን ከ1,000 ብር ሽያጭ 80 ብር ብታተርፍ፣ የሚቆረጥባት 20 ብር የትርፏ ሩብ ነው። እዚያው አጠገቧ ልብስ የሚሸጠው ከ1,000 ብር 300 ካተረፈ፣ ያው 20 ብር ብዙም አይሰማውም። ነጋዴው ስስታም ስለሆነ ነው ካርድ የማይቀበለው የሚሉ ሰዎች ይህን ስሌት አልሠሩትም።

ግን የግል ሂሳብም ነፃ አይደለም። ገንዘቡ መግባቱን የሚነግረው መልእክት የሚደርሰው ነጋዴዋ ስልክ ላይ ነው። እሷ ከሌለች ሠራተኛዋ ደውላ "ገባ?" ማለት አለባት። ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል። ወረፋ ሲበዛ ስክሪንሾት አይታ ታሳልፋለች፣ የተጭበረበረ ስክሪንሾት የሚያሳይም አለ። ደግሞ በዚያው ሂሳብ ዕቁቡም፣ ወንድሟ የላከላት ብርም ይገባል። ግብር ሲመጣ የትኛው ሽያጭ፣ የትኛው የቤት ብር እንደሆነ ማስረዳት ፈተና ነው።

ሌላው መንገድ ደንበኛው ሊከፍል ሲል "በካርድ ከሆነ ይጨመራል" ማለት ነው። ይህ አይዋጥልኝም። ደንበኛው ዋጋውን አይቶ ገብቷል፣ በልቶ ወይም መርጦ ጨርሷል። የአውሮፓ ኅብረት እንዲህ ያለውን ጭማሪ በአብዛኞቹ የግል ካርዶች ላይ ከ2018 ጀምሮ ከልክሏል (በእነሱ አቆጣጠር)። ሲከለክል ግን ነጋዴውን ብቻውን አልተወውም። ቀደም ብሎ፣ በ2015፣ የካርዱ ባንክ የሚወስደውን ድርሻ በዴቢት 0.2፣ በክሬዲት 0.3 በመቶ ላይ ገድቦታል። ሕንድ ደግሞ ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ ዩፒአይ በሚባለው የስልክ ክፍያዋና ሩፔይ በተባለው የዴቢት ካርዷ ላይ ነጋዴውን ምንም አታስከፍልም።

እኔ የምለው፣ ወጪው እንደ ኪራይና እንደ መብራት አስቀድሞ ዋጋ ውስጥ ይግባ። ከአሥር ብር ሽያጭ ሦስቱ በካርድ ከሆነ፣ 2 በመቶው ለጠቅላላ ሽያጭ ሲከፋፈል በ1,000 ብር 6 ብር ብቻ ነው። በጥሬ ብር የሚከፍለው ለምን ይሸከማል ይባል ይሆናል። ጥሬ ብርም ወጪ አለው። ዝርዝር ፍለጋ ጎረቤት ሱቅ መሮጥ አለ፣ ማታ መቁጠር አለ፣ ባንክ ሄዶ መሰለፍ አለ። ያንን ወጪ በካርድ የሚከፍለውም እየተጋራ ነው።

ይህ ግን የሚሠራው ነጋዴዋ ምን ያህል እንደሚቆረጥባት ካወቀች ነው። ብዙዎች ውሉን ሳያነቡ ፈርመው፣ የተቆረጠውን የሚያዩት ሂሳባቸው ላይ ጎድሎ ሲያገኙት ነው። ባንኮች መጠኑን፣ ገንዘቡ በስንት ቀን ሂሳብ እንደሚገባና ማሽኑ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግን በአንድ ገጽ፣ በአማርኛና በሲዳምኛ ጽፈው ይስጡ። ትርፉ ቀጭን ለሆነ ሸቀጥ ደግሞ ዝቅ ያለ መጠን ያውጡ። ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል ከየአቅጣጫው ሰው ወደ ሐዋሳ ይጎርፋል፣ ሱቁም ምግብ ቤቱም ይሞላል። ከዚያ በፊት የየቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ በሰፈሩ ያሉ ሱቆችን ዞሮ ይህን ቢያስረዳ፣ ብዙ ማሽን ከጠረጴዛ ሥር ይወጣል።