ድርሻውን የጠየቀው ዘፈን በ20 ዶላር ሲሸጥ

ሬጌ የሚወድ ሰው «ሜኒ ሪቨርስ ቱ ክሮስ»ን ሳይሰማ አይቀርም። ኦርጋኑ ቀስ ብሎ ይገባል፣ የጃማይካዊው ዘፋኝ የጂሚ ክሊፍ ድምፅ ይከተላል፣ ሆድ ይባባል። ዘፈኑን በቃላቸው የሚያውቁ ጓደኞቼን ግን ዘፈኑ ስላለበት ፊልም ስጠይቃቸው «የቱ ፊልም?» ይሉኛል። በጣም ይቆጨኛል።

ፊልሙ «ዘ ሃርደር ዘይ ከም» ይባላል። በፈረንጆቹ 1972 የወጣ የጃማይካ ፊልም ነው። ማጀቢያ ሙዚቃው በሸክላ ታትሞ፣ ሬጌን ለዓለም ካስተዋወቁ ሥራዎች ግንባር ቀደሙ ሆነ። የቦብ ማርሊና የዌይለርስ አልበም «ካች ኤ ፋየር» የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1973 ነው። ታዲያ ስለ ሬጌ ሲወራ ሁሉም ነገር ከማርሊ የሚጀመረው ለምንድን ነው? ማርሊን ማሳነሴ አይደለም። ግን ቀድሞ በሩን ያንኳኳው ይሄ ፊልም ነው።

ሸክላውን ብቻ የሰማ ሰው ግማሹን ነው የሰማው ባይ ነኝ። ምክንያቴ ታሪኩ ውስጥ አለ።

አይቫን የገጠር ልጅ ነው። ዘፋኝ ለመሆን ዋና ከተማው ኪንግስተን ይመጣል። የሚጫወተው ጂሚ ክሊፍ ራሱ ነው። አውቶቡሱ ወደ ከተማ ሲገሰግስ የሚሰማው ዘፈን «ከምር ከፈለግክ ታገኘዋለህ» የሚል ነው። አይቫን ከአውቶቡስ ወርዶ ብዙም ሳይቆይ፣ ዕቃውን የጫነለት ባለጋሪ ይዞበት ይሰወራል። ከዚያ ሥራ ፍለጋ መንከራተት ነው። ያ የምንወደው «ሜኒ ሪቨርስ ቱ ክሮስ» የሚገባው እዚህ ጋ ነው። እኔ የፍቅር እንጉርጉሮ አድርጌ ስሰማው ኖሬያለሁ። ልጁ በየበሩ ሲመለስ ካየሁ ወዲህ ግን እንደ ድሮው ልሰማው አልቻልኩም።

በስንት ልመና ስቱዲዮ ይገባል። የፊልሙን ርዕስ የያዘውን ዘፈን ይቀዳል። ግጥሙን ልብ በሉት። ስትሞት ሰማይ ቤት ታገኘዋለህ ይሉኛል፣ እኔ ግን ድርሻዬን በቁሜ እፈልጋለሁ ነው የሚለው። ፕሮዲውሰሩ ይህንን ዘፈን ሰምቶ 20 ዶላር ይቆርጥለታል። አይቫን እምቢ ይላል። ሸክላውን ይዞ ራሱ ይዞራል። ግን ማንም አያጫውትለትም፣ ሁሉም የፕሮዲውሰሩን ፊት ነው የሚያየው። ሲያልቅበት ተመልሶ ይፈርማል። በኋላ በጋንጃ ንግድ ገብቶ፣ ፖሊስ ገድሎ ሲታደን ነው ዘፈኑ በየቤቱ የሚሰማው። ገጸ ባሕርዩ የተቀዳው በ1948 በፖሊስ ከተገደለው ከእውነተኛው ሽፍታ ከአይቫንሆ ማርቲን ነው። የዘፋኝነቱን ታሪክ የጨመረው ፊልሙ ነው፤ የሥራው ትልቅነትም ለእኔ እዚያ ላይ ነው።

ዳይሬክተሩ ፔሪ ሄንዘል ማስታወቂያ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ይህ የመጀመሪያው ፊልሙ ነበር። ጽሑፉን ከቴአትር ጸሐፊው ከትሬቨር ሮን ጋር አዘጋጀው። ገንዘብ ሲያልቅ ይቆማል፣ ሲገኝ ይቀጥላል፤ እንዲያ ተቆራርጦ ነው የተቀረጸው። ሰፈሩ እውነተኛ ሰፈር ነው። ንግግሩም ፓትዋ የሚባለው የጃማይካ ሕዝብ የዕለት ተዕለት ቋንቋ ስለሆነ፣ አሜሪካ ውስጥ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከሥር እየተጻፈለት ታየ። ቱትስ ኤንድ ዘ ሜይታልስ «ስዊት ኤንድ ዳንዲ»ን ስቱዲዮ ውስጥ ሲዘፍኑ አይቫን በጉጉት የሚያይበት ቦታ አለ። ያንን ፊቱን ለማየት ብቻ ፊልሙን ብትከፍቱት አይቆጫችሁም።

«ሸክላውማ የቆዩ ዘፈኖች ስብስብ ነው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ለፊልሙ ተብሎ የተቀዳው የርዕሱ ዘፈን ነው። ለምሳሌ ስብስቡ ውስጥ ያለው የዴዝሞንድ ዴከር «007» የ1967 ሥራ ነው። ግን መምረጥም ሙያ ነው። ሄንዘል ሕዝቡ የኖረባቸውን ዘፈኖች ወስዶ ቦታ ቦታቸውን ሰጣቸው።

ከመካከላቸው የሜሎዲያንስ «ሪቨርስ ኦፍ ባቢሎን» ለእኛ የተለየ ነው። ዳዊት የደገመ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ተቀምጠው ጽዮንን እያሰቡ ያለቀሱት ሰዎች መዝሙር ነው። ራስታዎቹ «የእግዚአብሔርን ዝማሬ» የሚለውን «የንጉሥ አልፋን ዝማሬ» ብለውታል። ንጉሥ አልፋ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፣ ጽዮን ደግሞ ኢትዮጵያ። ንጉሡ በሚያዝያ 1966 ኪንግስተን ሲያርፉ ሕዝቡ አውሮፕላኑን እንዴት እንደከበበው ብዙዎቻችን ሰምተናል። ዘፈኑ የተቀዳው ከዚያ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በ1978 የዲስኮ ቡድኑ ቦኒ ኤም ሲያስጨፍሩበት የንጉሥ አልፋ ስም ከግጥሙ ተወገደ። የመጀመሪያውን አድምጡት፣ ልዩነቱ ይገባችኋል።

ፊልሙ ኪንግስተን በካሪብ ሲኒማ ሲመረቅ ሕዝቡ በሩን ጥሶ ገባ። ራሱን፣ በራሱ ቋንቋ፣ በትልቅ ስክሪን ሊያይ ነዋ! አሜሪካ ውስጥ ግን መጀመሪያ ብዙም አልሆነለትም። ኋላ ማሳቹሴትስ ውስጥ ኬምብሪጅ በእኩለ ሌሊት እየታየ ዓመታት ቆየ። ሸክላው በ2021 በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከሚጠበቁ የድምፅ ቅርሶች ተርታ ገባ። ጂሚ ክሊፍ ይህን አይቶ ነው በ2025፣ በ81 ዓመቱ ያረፈው።

ሸክላው 12 ዘፈን አለው። የርዕሱ ዘፈን ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ ሁለተኛው መዝጊያው ነው። አይቫን በ20 ዶላር የፈረመበት፣ ድርሻዬን በቁሜ የሚለው ዘፈን።