ድሬሲንግ ቴብል ነው የምትሉን ወይስ መደርደሪያ?

እስቲ ዛሬ ይውጣልኝ። ፈርኒቸር ቤቱ ሁሉ «ድሬሲንግ ቴብል» እያለ የሚደረድረው ዕቃ መስታወት የተለጠፈበት መደርደሪያ እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ሰው ፊት ለፊቱ ቁጭ ብሎ ይኳኳልበታል ብሎ ያሰበ አናጺ እንዲህ አይሠራም!

ጉልበት የት ይግባ? በርጩማው 45 ሳንቲ ከሆነ ታፋ ከዚያ በላይ ቢያንስ 18 ሳንቲ ይፈልጋል። 75 ሳንቲ ጠረጴዛ ሥር 15 ሳንቲ የሚወርድ መሳቢያ ከሰቀሉበት የቀረው ክፍተት አይበቃም፤ በጎን ተቀምጦ አንገት ማጣመም ነው። የድሮዎቹ መሳቢያውን ግራና ቀኝ አድርገው መሀሉን ክፍት ይተዉት ነበር። ሰው ዛሬም የድሮ ድሬሲንግ የሚፈልገው ለትዝታ ብቻ አይደለም፣ ስለሚያገለግል ነው።

መስታወቱማ ተዉት። የድሮው ባለ ሦስት ክንፍ መስታወት ጎንና ጎኑን ወደ ውስጥ ሲያጥፉት የሹሩባውን ጀርባ ሳይቀር ያሳያል። አሁን አንድ ክብ መስታወት ዙሪያውን መብራት ያበሩበትና እንደ ሥዕል ከፍ አድርገው ይሰቅሉታል፤ ቁጭ ስንል ግንባር ብቻ! የተቀመጠ ሰው ዓይን ከወለሉ 115 ሳንቲ ገደማ ላይ ነው፣ የመስታወቱ መሀል እዚያ ይሁን። ሲለጥፉትም ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ሲሊኮን አትቀበሉ፤ የጀርባውን ቀለም ይበላና መስታወቱን ያጠቁረዋል።

ዋናው ብሽቀት ግን ቺፕውዱ ነው። ተከራይ ቤት ይቀይራል፣ ዕቃው ይፈታል፣ እንደገና ይገጠማል። ቺፕውድ ደግሞ በኮላ የተጨመቀ ፍርፋሪ ስለሆነ ብሎኑ አንዴ ከወጣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ መልሶ አይዝም። ማዳኛው ቀዳዳውን በእንጨት ኮላና በስቴኪኒ ጠቅጥቆ፣ አንድ ቀን አድርቆ፣ በቀጭን መሰርሰሪያ በስቶ ማጥበቅ ነው። ውሃ የጠጣው ግን ምንም አያድነውም። ቤት በውሃ በሚታጠብበት አገር እግር የሌለው፣ ወለሉ ላይ የተኛ ቺፕውድ መሸጥ ምን ይሉታል? ከሥር ያብጣል፣ ጠርዙ ላይ የተለጠፈችው ፕላስቲክ ትላቀቃለች፣ አለቀ። ቢያንስ 10 ሳንቲ እግር ይኑረው እንጂ!

«መሳቢያው ተጣበቀ» ብላችሁ የእናቶቻችሁን የዋንዛ ድሬሲንግ ለቆራሌው የምትሰጡ ደግሞ፣ ስለ እግዜር! ክረምት ላይ እንጨቱ እርጥበት ስቦ ነው። በጋ እስኪገባ ታገሱና የሚንሸራተትበትን ቦታ ደረቅ ሻማ እሹበት። አሁንም ከነካካ ያበጠውን ጎን ብቻ በስሱ ማስላግ ነው። የጥፍር ቀለም የምታስለቅቁበት አሴቶን ቫርኒሹን ስለሚያቀልጠው ላዩ ላይ 5 ሚሊ መስታወት አስቆርጡበት።

አዲስ ልትገዙ ከሆነ ሻጩ መብራቱን እያበራ እያጠፋ ሲያሳያችሁ መሳቢያውን አውጥታችሁ ገልብጡት። ወለሉ በጎኖቹ ቦይ ውስጥ የገባ ኮምፔንሳቶ ከሆነ ዋጋ ተነጋገሩ። ከሥር በስቴፕለር የተመታ ከሆነ ግን ሽቶና ቅባት ሲከብደው መውረዱ አይቀርም፤ ጥላችሁት ውጡ።