ይድረስ ለአዲሱ የፓርክ በር

ቁጥር፦ የለውም፤ መዝገብ ቤት ሰው አልነበረም
ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር በር ሆይ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ። ናፍቆት ያልኩት ለወጉ አይደለም። እሁድ ዕለት ፊትህ ቆሜ ያየሁህን ያህል የገዛ ሚስቴን አይቻት አላውቅም።

አምሮብሃል። ያ የድሮው የቆርቆሮ በር፣ ማጠፊያው ወልቆ በሽቦ የታሰረው፣ ካንተ ጋር ሲተያይ ያሳፍራል። እሱ መዘጋት አይችልም ነበር። ሰው፣ ፍየል፣ ሙሽራ ከነአጃቢው፣ ሁሉም በእሱ ይገባል። አንተ ደግሞ መከፈት አትችልም። (ሁለታችሁን አደባልቆ አንድ ደህና በር ማውጣት ይቻል ነበር፤ ግን እኔ መሐንዲስ አይደለሁም።)

እናቴን ታውቃታለህ። እሁድ ደጅህ ላይ የነበረችው ሴትዮ ናት። ዓምና ስትሮክ ከመታት ጀምሮ በዊልቸር ነው የምትንቀሳቀሰው። ጅማ ባሕር የላትም፤ ከቤታችንም ባሕር ያየ ሰው የለም። ለእናቴ ባሕሩ ካንተ ወዲያ፣ ፓርኩ ውስጥ ያለው ወንዝ ነው። በልጅነቷ ልብስ ያጠበችበት፣ አንድ ክረምት ደግሞ ሞልቶ እንስራዋን የወሰደባት። «ውሃውን አሳየኝ» ካለችኝ ወራት ሆኗታል። «እየተሠራ ነው እማዬ፣ መግቢያውም መንገዱም እየተሻሻለ ነው፣ ሲያልቅ ይመችሻል» እያልኩ አቆየኋት። ይመችሻል ያልኩት እኔ ነኝ። ጥፋቴን አምናለሁ።

እሁድ ነጠላዋን አልብሼ ባጃጅ ኮንትራት ያዝኩ። ድሮ ባጃጅ በሩ ሥር ነበር የሚያወርደው። አሁን «እዚያ መቆም ክልክል ነው፣ እቀጣለሁ» አለና ከአደባባዩ ማዶ ጣለን። ከዚያ ኮብልስቶኑ መጣ። ኮብልስቶን ላይ ዊልቸር የገፋ ሰው የምለውን ያውቃል። እናቴ ከአገጯ እስከ ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠች «ቀስ በል እንጂ፣ ወተት መሰልኩህ እንዴ የምትንጠኝ?» አለች። እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነበረን።

ደረስን። ትልቁ መዝጊያህ ተቆልፏል።

«እሱ ለእንግዳ ነው የሚከፈተው» አለ ጥበቃው።

«እኛስ ምንድን ነን?»

«እናንተማ ሕዝብ ናችሁ።»

ሕዝብ የሚገባው በጎን ነው። በጎን ያሉት አራት ደረጃዎች እንደ መስታወት የሚያበራ ንጣፍ ለብሰዋል። በክረምት፣ በጅማ! ዝናብ ሲነካው እንኳን ሰው ድመትም አያቆምም። ከደረጃው አጠገብ ራምፕ፣ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት፣ አለህ። አልካድኩም፣ አለህ። ሥሩ ላይ ሞተር እንዳይገባ የተተከለ ብረት አለ፤ አናቱ ላይ ደግሞ ቀይ አበባ ያበቀለ የሲሚንቶ ገንዳ። በሁለቱ መሃል ያለው ራምፕ ነው።

ገንዳውን እናንሳው አልኩት ጥበቃውን። «አይቻልም፣ ንብረት ነው፣ ተመዝግቧል» አለኝ። ቀጠለና፣ በደግነት ነው የተናገረው ይሄን አልደብቅም፣ «እማማን ማንሳት ግን ይቻላል» አለ።

አነሷት። አራት ወጣቶች፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ከነዊልቸሩ እንደ ቡና ጆንያ ብድግ። እኔ ከኋላ ጫማዋን ይዣለሁ፣ አንዱ ወልቆ ነበር። ሦስተኛው ደረጃ ላይ አንደኛው ልጅ አዳለጠው። ወንበሩ ዘመም አለ፣ ነጠላዋ ጭቃው ላይ ወደቀ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና የወንበሩን እጀታ ይዛለች። ጣቶቿ ነጭ ሆነው ነበር።

ገባን። እና ምን አገኘን? ወደ ውሃው የሚወርደው አዲሱ መንገድም ደረጃ ነው። አሥራ አንድ ቆጠርኩ። ራምፕ የለውም፤ ስለዚህ አበባም የለውም። ላይ ቆመን የወንዙን ድምፅ ሰማን። እናቴ «ይበቃል፣ ሰማሁት» አለች። በገባንበት ሸክም ወጣን።

ሰኞ ጠዋት ጎረቤታችን እየሮጠች መጣች። «እትዬ፣ ቲክቶክ ላይ ወጥተዋል!» ለካ አንዱ ሲቀርጸን ነበር። ከሥር ዋሽንት ገብቶበታል። «ደግነት አልጠፋም» ይላል፣ ከነቀይ ልቡ። እናቴ ፀጉሯ ተገልጦ፣ አፏ ተከፍቶ፣ በአንድ እግር ጫማ አየር ላይ ናት። እስከ መጨረሻው አየችው። ስልኩን መለሰችና «ለካ እንዲህ ነበርኩ» አለች። ሻይዋ ቀዘቀዘ።

በልጆቹ አልፈርድም። በጥበቃውም አልፈርድም፤ ቁልፉ እሱ ኪስ የለም። ግን እናቴ ደግነት አልለመነችም! ውሃ ልታይ ነው የወጣችው። ዕድሜዋን ሙሉ በእግሯ በኖረችበት ከተማ የሰው ሸክም ሳትሆን፣ የማንም ጽድቅ ማግኛ ሳትሆን፣ እንደ ማንም ሰው ገብታ መውጣት። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ከመመረቅህ በፊት ዊልቸር ገፍቶ ቢሞክርህ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። የሞከረህ ሰው የለም። መቀስ የያዘ ነው የመጣው።

ማክሰኞ ቢሮ ሄድኩ። ሰልፉን፣ ሁለት ኮፒውን፣ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው»ን አልዘረዝርም፤ አንባቢም ከኋላዬ ተሰልፎ ነበር። በመጨረሻ ያገኘሁትን ሰውዬ አዋጅ ጠቀስኩበት። የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624/2001፤ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄድም፣ ደረጃ መውጣት ለማይችልም የሚመች መግቢያ ይኑረው ይላል አልኩት። አሰብ አደረገና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እሱ ሕንፃ ነው የሚለው። ይሄ በር ነው።» የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን አገራችን በ2002 በአዋጅ ማጽደቋን ልጨምር ስል ቅጽ አውጥቶ አሳየኝ። «ራምፕ፤ ብዛት፦ 1፤ ተሠርቷል።» ራይት ተደርጎበታል። ምን ልበል? ብዛቱ እውነትም 1 ነው።

ሲያንገበግበኝ ከሰፈር አናጺ ሜትር ተውሼ መጣሁብህ። አራቱ ደረጃዎችህ እያንዳንዳቸው 17 ሳንቲ፣ ድምር 68። በዓለም የተለመደው ልክ ለ1 ሳንቲ ከፍታ 12 ሳንቲ ርዝመት ነው። ስለዚህ ራምፕህ 8 ሜትር ከ16 ሳንቲ መሆን ነበረበት። ያንተ 2 ሜትር ነው። ገንዳውም ብረቱም ቢነሳ በሱ ላይ የሚወጣ ፍየል ነው። ፍየሏን ደግሞ ከልክለሃታል። እየለካሁ ሳለ ጥበቃው መጣና «ፈቃድ አለህ?» አለኝ። ለመግባት ሳይሆን ለመለካት።

ሌላውን ቂም ለዛሬ ትቼልሃለሁ። «ክፍያ በስልክ ብቻ» ብለህ ኔትወርክ የሚጠፋበትን። ሳሩ አይረገጥም፣ አግዳሚው ቀለም አልደረቀም የምትለውን (ከጥር ጀምሮ!)።

ቦዬ ረግረግ ያሉት ጉማሬዎች ውሃቸው ጋ ለመድረስ ደረጃ አይወጡም፣ ቲኬት አይቆርጡም፣ ማንም አይሸከማቸውም። ሊሸከማቸውስ ማን ይደፍራል። ይሄን ለእናቴ ነገርኳት፤ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

እሁድ ከወጣን በኋላ የት እንደተቀመጥን ሳልነግርህ። ካንተ ማዶ፣ ከዛፉ ሥር ቡና የምታፈላ ልጅ አለች። ረከቦቷ ሁለት ድንጋይ ላይ ነው፣ ጣሪያዋ ላስቲክ ነው። ዊልቸሩን ስታይ ምንም አልጠየቀችም። ተነሳች፣ ሦስት በርጩማ ወደ ጎን ገፋ ገፋ አድርጋ መንገድ ከፈተች፣ የእናቴን ጀርባ ወዳንተ አዙራ አስቀመጠችልኝ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀባትም። በጀትም አልያዘችም።

ከሠላምታ ጋር
ሕዝብ

ግልባጭ፦
ለሲሚንቶው የአበባ ገንዳ (ውሃ አይለይህ)
ለብረቱ
ለቦዬ ጉማሬዎች፣ እንዲያውቁት